አዴ ፋጡማ የረገጡት ሊሾ

ይህ የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን፣ ሐረር ላይ፣ የበኩር ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁ ነው። ዛሬም ያልደረቀ ሲሚንቶ ሳይ መቀመጥ አልችልም፤ እቁነጠነጣለሁ።

ባለቤቴ ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ ተዛውሮ ኤረር በር አጠገብ ቤት ገዝቶ ነበር። ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ሳሎኑ ታይል ካልተነጠፈ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ግንበኛው ደግሞ መጀመሪያ ከሥሩ ሊሾ ካልተደረገ ታይሉ ይሰነጠቃል ብሎ ወለሉን ሁሉ በሲሚንቶ ለቀለቀው። የእኔ መኝታ ቤት መውጫው በሳሎኑ ብቻ ነው። ሊሾው እስኪደርቅ እኔና ልታርሰኝ ከአገር ቤት የመጣችው አክስቴ እዚያው ታገትን።

እኔ ተንቆራጠጥኩ፤ አክስቴ ግን ደስ አላት። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ፣ አዴ እንደኛ እትዬ ነው፣ ሐረሪ ባልቴት ናቸው፣ ሊጠይቁኝ በመጡ ቁጥር ከፀሐይ የመጣ ሰው አራስ አያይም እያለች ከደጅ ትመልሳቸው ነበር። ነገሩ ፀሐዩ አልነበረም፤ እስላም ናቸው ብላ ነው። አሁንስ ሊሾው ራሱ ዘበኛ ሆነልኝ ብላ ሳቀች።

ረፋዱ ላይ እንደ ልማዷ ልጁን ለጋ ቅቤ አዋጠችው። ትን አለው። ማልቀስ አቃተው፤ ፊቱ ጠቆረ።

አክስቴ «ሳይጠመቅ! ኧረ እመቤቴ!» እያለች ክፍሉን ትዞራለች። እኔ ልጁን ታቅፌ በሩ ላይ ጮህኩ። ግንበኛው ነገሩ አልገባውም፤ ከደጅ ሆኖ እንዳትረግጡ ይላል። አይ የሰው ነገር!

አዴ ፋጡማ ጩኸቴን ሰምተው ደረሱ። ግንበኛውን ገፍተው ሊሾው ውስጥ ገቡ። ጫማቸው እዚያው ተውጦ ቀረ፤ በባዶ እግራቸው እየሰመጡ መጥተው ልጁን ነጠቁኝ። ክንዳቸው ላይ በሆዱ ደፍተው «ቢስሚላህ» እያሉ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ቅቤው ወጣ። ልጄ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው።

ከዚያ እሳቸው አክስቴን አዩና፣

«ከፀሐይ ነው የመጣሁት። ልቀመጥ ወይስ ልመለስ?» አሏት።

 አክስቴ የልጁን መታጠቢያ ገንዳ ስባ አመጣች፤ ሲሚንቶው ሳያቃጥላቸው ብላ እግራቸውን ተንበርክካ አጠበች።

ግንበኛው ዱካዎቹን በጥድፊያ ደፈነና ታይሉን ነጠፈ። በደንብ አልሞላውም መሰለኝ፣ ዱካዎቹ የነበሩበት ቦታ ሲረገጥ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ባለቤቴ ይነቀል ሲል አክስቴ እኔን ነቅለህ ነው ብላ ከለከለችው።

አዴ ፋጡማ ዛሬ በሕይወት የሉም። ልጄ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ የሄደበት ሲዘገይብኝ ግን አሁንም ሳሎኑን ስመላለስ እውላለሁ። ከሥሬ ኳ የሚለው ታይል ላይ ስደርስ ነው ልቤ ትንሽ የሚያርፈው።