የባለጃንጥላው ሙግት

ባለፈው ሳምንት የአባቴን የሙት ዓመት ተዝካር አውጥቼ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች መንገዱን ሙሉ ሲከራከሩ መጡ። መጀመሪያ ስለ ኳስ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ስጥል ግን የሚከራከሩት ኮሚክ በሚባለው የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስላሉ፣ ዓለማትን እንደ ቆሎ ስለሚዘግኑ ፍጡራን ነው፤ ማን ማንን ይጥላል፣ ማን ከማን በላይ ነው። አንደኛው ደረጃቸውን በቁጥር ስልኩ ላይ አስፍሮታል። ዞር ብዬ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ልላቸው ምንም አልቀረኝም። በዚህ ጉዳይ የሚረታኝ ሰው በሰሜን ሸዋ የለም ብዬ ነው የማምነው፤ ሃምሳ ዓመት አልፎኝም ይህን ማመን አልተውኩም። ያልተውኩት ሌላም ነገር አለ፤ ሄኖክ በሚባል ሰው ላይ የያዝኩት ቂም።

ሄኖክ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ሲዛወሩ፣ እሱ ውጭ አገር ያለ አጎቱ የላከለትን አንድ ካርቶን ሙሉ ኮሚክ ይዞ መጣ። እኔ የአንኮበር ቄስ ልጅ ነኝ፤ ለትምህርት ብዬ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። እንግሊዝኛችን እንደነገሩ ስለነበር በመዝገበ ቃላት እየተረዳን ነው ያነበብነው፤ ስማቸውን መጥራት ያቃተንን ፍጡራን ሁሉ በአማርኛ አጠመቅናቸው። ሄኖክ ሃያ ሦስቱን በኃይላቸው ቅደም ተከተል ጽፎ ከመማሪያ ክፍላችን በር ጀርባ ለጠፈ። አንደኛው ሸማኔው ነው፤ ሰማይን እየሸመነ ደስ ሳይለው ሲቀር የሚተረትር። የመጨረሻው ባለጃንጥላው ነው፤ ጢሙ የረዘመ፣ ነጭ የለበሰ፣ ከራሱ በላይ የብርሃን ጥላ የዘረጋ ሽማግሌ። በየጦርነቱ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነበር።

እኔ ፊደል ሳልጨርስ የመላእክትን ነገድና ማዕረግ ከአባቴ ሰምቼ ያደግሁ ልጅ ስለሆንኩ፣ የማይታይን ነገር በደረጃ ማስቀመጥ አልከበደኝም። ሄኖክ ግን ይህ የቄስ ልጅ ሁሉንም ቤተ ክርስቲያን ሊያስገባብን ነው እያለ ያሾፍብኝ ነበር። በደረጃ ስንጣላ የምንዳኘው በበላ ልበልሃ ነው። የአማርኛ መምህራችን የጥንቱን ሙግት አንድ ቀን በክፍል አሠርተውን ነበርና፣ እኛ ወስደን የራሳችን አደረግነው። ሁለት ተሟጋች ጋቢ አደግድጎ ይቆማል፤ የክፍል አለቃው ዴስክ ላይ ወጥቶ ይፈርዳል። የተረታ እንደ ድሮው ቁራኛ ይሆናል፤ የጋቢው ጫፍ ከረቺው ጋቢ ጫፍ ጋር ተቋጥሮ፣ እረፍት እስኪያልቅ እየተጎተተ ይዞራል።

አንድ የኅዳር ጠዋት፣ ሜዳው ገና ውርጩን ሳያራግፍ፣ አባቴ ስንቅ ይዘውልኝ መጡ። በሶና የገብስ ቆሎ በስልቻ አንጠልጥለዋል፤ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ያቺን ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ግቢው መሀል ቆሙ። ሄኖክ በመስኮት አያቸውና፣ “ባለጃንጥላው መጣ” አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ልጆቹ እሳቸውን በማየታቸው የተደሰቱ መስሏቸው ፈገግ አሉ፤ መስቀላቸውን አውጥተው እደጉ፣ ተመንደጉ እያሉ ባረኩን። በማግስቱ ዝርዝሩ ላይ፣ ከሃያ ሦስተኛው ስም አጠገብ፣ መስቀል የያዘ ሽማግሌ ተስሎ አየሁ።

ሄኖክን አልመታሁትም። በጉልበት ይበልጠኛል፤ ደግሞ የቡጢ ሕመም በሳምንት ይድናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ወጊውም እንዳይረሳ ነበር የፈለግሁት።

ከኮሚኮቹ አንዱ ሻይ ፈሶበት ሁለት ገጹ ተጣብቆ ነበር፤ ባለቤቱን ሄኖክን ጨምሮ ማንም አላነበበውም። ተዋስኩትና ከትምህርት በኋላ ድንች እየቀቀልኩ በእንፋሎቱ ላይ ያዝኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በምላጭ ጫፍ በጥቂት በጥቂቱ አላቀቅሁት። ውስጡ ያገኘሁትን ሳይ ድንቹን ያለ ጨው በላሁት፤ ሸማኔው መሸመኛው ተሰብሮበት፣ ከጠላት ሸሽቶ፣ በባለጃንጥላው ጥላ ሥር ተሸጉጧል። ቃላቱን አንድ በአንድ ከመዝገበ ቃላት ጋር አመሳከርኩ። ጥርጥር የለውም።

ዓርብ ዕለት ሄኖክን፣ ባለጃንጥላው ከሸማኔው ይበልጣል ብዬ ለሙግት ጠራሁት። የተረታ በማግስቱ የቅዳሜ ገበያን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁራኛ ይዙር አልኩ። እየሳቀ እሺ አለ። ስለ ሸማኔው ኃይል አምሮበት ተናገረ፤ ሲጨርስ ተጭበጨበለት። እኔ ብዙ አልተናገርኩም።

“ተጠየቅ” አልኩት፣ “የተጠለለ ካስጠለለው ይበልጣል ወይ?”

አይበልጥም አለ። ገጹን ገልጬ ለአለቃው ሰጠሁት። አለቃው ደጋግሞ አየው፤ ከዚያ ለባለጃንጥላው ፈረደ።

ቅዳሜ የጋቢዎቻችንን ጫፍ የቋጠርኩት ራሴ ነኝ። በበጉ ተራ፣ በጨው ተራ፣ የሱፍ ብርድ ልብስ በሚሸጥበት በኩል ጎተትኩት። የክፍላችን ሴቶች ባሉበት ሆን ብዬ ሁለቴ አለፍኩ። ምን ሆናችሁ ነው ላለኝ ሁሉ ረትቼው ነው እላለሁ። ጆሮው ቀላ። አልዋሽም፣ እንደዚያን ቀን ጣፍጦኝ የዋለ ቀን የለም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እያልኩ በልቤ እዘፍን ነበር።

እህል ተራ ስንደርስ አባቴን ከሩቅ አየኋቸው። ለገበያ መምጣታቸውን አላወቅሁም ነበር። ደስታዬ ወሰን አጣ።

“ሄደህ ጉልበታቸውን ትስማለህ” አልኩት፤ “ምን ብለህ እንደሰደብካቸውም በአፍህ ትነግራቸዋለህ።”

ሄኖክ ቆመ። ድምፁን ሳያነሳ፣ “እነግራቸዋለሁ” አለኝ፤ “አንተም አብረኸን እንደሳቅህ ጨምሬ ነው የምነግራቸው።”

ይህን ስጽፍ ዘልዬው ነበር። ስቄአለሁ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ማናቸው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የአገራችን ቄስ ናቸው አልኩት እንጂ አባቴ ናቸው አላልኩም። ግቢው ጭር እስኪል ከክፍል አልወጣሁም፤ እሳቸው ስልቻውን ይዘው እዚያው ቆመው ጠበቁኝ።

ቋጠሮውን ልፈታ ታገልኩ። በጥላቻ የቋጠርኩት ስለነበር እምቢ አለኝ። አባቴ ደረሱብን።

“ምን ወስዶብህ ነው ልጄ ያቆራኘኸው?” አሉኝ።

ሄኖክ ፈጠን ብሎ፣ “ጨዋታ ነው አባ፣ የትምህርት ቤት ጨዋታ ነው” አላቸው። አባቴ ሳቁ፤ ጃንጥላቸውን አስይዘውኝ ጎንበስ አሉና ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱት። መስቀል አሳለሙን፤ መጀመሪያ የተሳለመው ሄኖክ ነው። ሊያድነኝ ብሎ መዋሸቱ ከስድቡ በላይ አንገበገበኝ። በቀሌን ከእጄ ነጠቀኝ።

በአባቴ ላይ መሳቄን ለማንም አልተናገረብኝም። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሠርግ ላይ ተገናኝተን፣ በአባትህ ላይ ያደረግሁት ይጸጽተኛል ሲለኝ፣ ድሮ ረስቼዋለሁ አልኩት። ውሸቴን ነው። አባቴ፣ “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ማለት ያዘወትሩ ነበር፤ እኔ ግን ተዝካሩ ላይ ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ እንኳ የማስበው ሄኖክን ነበር።

ወጣቶቹ መናኸሪያው ሳንደርስ ወረዱ፤ ክርክራቸው አላለቀም። እኔ ቤቴ ከገባሁ ጀምሮ ይህን ስጽፍ ሰነበትኩ። ሄኖክን አልማርኩትም፣ የምምረውም አይመስለኝም። እሱን ከማርኩት የሚቀረው ተከሳሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት አባቴ ደግሞ ሳልነግራቸው ሞቱ።