ስልኬ ቀጣሪ የሆነ ቀን

ድሬዳዋ ውስጥ ወጣቶችን ለሥራ ቃለ መጠይቅ አሠለጥናለሁ። ዘመኑ የኤአይ ነውና፣ ባለፈው ሰሞን ከምሳ በኋላ ስልኬን «አንተ የሆቴል ቀጣሪ ነህ፤ ለእንግዳ ተቀባይነት የሚያመለክቱትን ፈትን» ብዬ አዘዝኩትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

መጀመሪያ የተቀመጠችው ፈርዶሳ የምትባል የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት። በማግስቱ እውነተኛ ቃለ መጠይቅ ስላለባት ከእሷ ይልቅ እኔን ጨንቆኛል።

«ራስሽን አስተዋውቂ» አላት ስልኩ።

«አቦ መጀመሪያ ሰላም እንባባል እንጂ! እንዴት ዋልክ? ቤተሰብ ደህና?»

«እኔ ቤተሰብ የለኝም።»

ፊቷ ተለወጠ። «ማንም? ወላሂ? መስኪን!»

«ፈርዶሳ፣ ጥያቄውን መልሺ!» አልኳት።

«ቆይ አቦ፣ ብቸኛ ነው እኮ! ምሳስ በላህ?»

«እኔ አልበላም፤ አላርፍምም። ቀንና ሌሊት እሠራለሁ።»

«በዚህ ሙቀት? ድሬ ላይ በዚህ ሰዓት ማን ይሠራል? ጋደም በል አቦ!»

ተራ የሚጠብቁት ሌሎቹ ሠልጣኞችም አዘኑለት። አንዱ ጭራሽ ተነስቶ ቬንትሌተሩን ከእኔ ላይ ወደ ስልኩ አዞረው።

«ማሽን ነው እኮ! ተዉት! አንቺ ደግሞ ጥያቄውን መልሺ!» እያልኩ ስጮህ በላብ ተጠመቅኩ። እሷ ስልኩ የሚኖርበትን ሰፈር እየጠየቀችው ሰዓቱ አለቀ።

አንገቴን ደፍቼ ስልኩን ውጤት ጠየቅኩት።

«ፈርዶሳ ከነገ ጀምሮ ሥራ ትግባ፤ እንግዳ መቀበል ታውቅበታለች» አለ። «እየጮኸ ሲያቋርጠን የነበረው ሁለተኛው አመልካች ግን ገና ብዙ ሥልጠና ያስፈልገዋል።»