ያልሰከሩት ዝንቦች

የታናሽ እህቴ ባል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝንብ ቀልቧል። ሥራው ነው፣ አትሳቁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የበሰለ ሙዝ እየጨፈለቀ በብልቃጥ ያደርግና ከሰሊጥ ብዙም የማይበልጡ ዝንቦች ያረባል። በስማቸው አይጠራቸውም እንጂ ከልጆቹ አብልጦ ያውቃቸዋል። ተማሪዎቹ ጋሽ ቅርንፉድ ይሉታል፤ ቅርንፉድ ከአፉ አይጠፋምና። «ለጥርሴ ነው» ይላል። እኔ እዚያው ሕንጻ ጸሐፊ ስለሆንኩ የጥርሱን ነገር አውቃለሁ።

እህቴ በመጠጡ ተማርራ አንድ ጊዜ እናታችን ቤት ከርማለች። ስትመለስ «ሁለተኛ ከቀመስክ አታገኘኝም» አለችው። እሷ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ አፉን ታሸታለች፤ እሱም ቅርንፉዱን ይተነፍስባታል።

ታዲያ አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች። ጥናቷ ዝንብ ሲሰክር ምን ይሆናል የሚል ነው። የአልኮል ተን ወደ መስተዋት ቱቦው ሲገባ ዝንቦቹ መጀመሪያ እንደ እብድ ይሯሯጣሉ፣ ቀጥሎ ይንገዳገዳሉ፣ በመጨረሻ በጀርባቸው ይዘረራሉ። ከእሷ ዝንቦች ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዷም አልተንገዳገደች። ሽቅብ ቁልቁል ሲንሸራሸሩ ሰነበቱ።

«ጋሼ፣ የማይሰክር ዘር አገኘን!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ምስኪን፣ የአልኮሉ ቁምሳጥን ቁልፍ በማን ኪስ እንዳለ አላሰበችም። ለድመት ወተት አደራ ማለት ይኸው ነው። ጋሽ ቅርንፉድ ያጎደለውን ሁሉ በቧንቧ ውሃ ሲሞላ ከርሟል።

ግኝቷን ለአለቆቿ የምታሳይበት ቀን ተቆረጠ። እሱ ምግብ አልበላ አለው። ዝም ቢል ልጅቷ በሰው ፊት ልትዋረድ ነው፤ ቢናገር ሚስቱ ሻንጣዋን ልታነሳ ነው። በቀኑ ጠዋት ቢሮዬ መጣና «እትዬ፣ አንቺ ንገሪልኝ» አለኝ።

«የጠጣህበት አፍ አለህ አይደል? እሱው ይናገር» አልኩት። ምላሴ ክፉ ነው፤ ሲወጣ ግን አንጀቴን በላው።

ልቡን ለማደፋፈር አዲስ ከመጣው የአልኮል ጠርሙስ አንድ ጉንጭ ተጎነጨ። በድንጋጤ ቅርንፉዱን ረሳው። አለቆቹ ፊት ቆሞ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ነበረኝ...» ሲል የዝንቦቹን ብልቃጥ በክርኑ ገፋውና ወድቆ ተሰበረ። ዝንቦቹ ግር ብለው ተነሡ። መስኮቱን ትተው፣ ሙዙን ትተው፣ አልኮል የሸተተው ጢሙ ላይ ሰፈሩ።

ዶክተሯ ዝንቦቹን አየች። የሙከራውን ጠርሙስ አነሳችና አሸተተችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው፣ ልጄ።»

«ሦስቱንም ሳምንት?»

«ሦስቱንም።»

ሙከራውን በአዲሱ አልኮል ደገመችው፤ ዝንቦቹም እንደ ወጉ ሮጠው፣ ተንገዳግደው ተዘረሩ። ቁልፉ ወደ እሷ ኪስ ተዛወረ። እሱን ማባረር ግን አልተቻለም፤ ዝንብ ማርባት የሚያውቅ ሌላ ሰው አልተገኘማ።

የዚያኑ ዕለት ለእህቴ ራሱ ነገራት። ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎተተች። እኔ ጣልቃ ገብቼ የጢሙን ነገር ተረኩላት። ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ቆይታ «ነገ ከዝንቦቹ ጥቂት ይዘህልኝ ና» አለችው።

ይኸው ስድስት ወር ሆነው። አሁን አፉን አታሸትም፤ በሻሽ የተሸፈነ የዝንብ ብልቃጥ ወደ ከንፈሩ ታስጠጋለታለች። ዝንቦቹ ወደ ሻሹ ካልተሰበሰቡ ቤት ይገባል። የሚቀልባቸውም ራሱ ነው።