ያልፈታሁት እጅ

ሞተረኛው ከደምበጫ ያመጣልኝን ጥቅል ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው የእርጥብ አፈርና የጥሬ ሥር ሽታ ሳሎኑን ሞላው፤ ከሽቶውም፣ ከፀጉር ቅባቱም፣ ከዚያ ሁሉ የፕላስቲክ አበባም በልጦ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እንሶስላ ነው። ጭቃው እንኳ ገና አልደረቀም። ነገ ልጄ ማህሌት ትዳራለች፤ እንሶስላውን የላከችው ታላቅ እህቴ ናት፤ እሷ ራሷ ግን አልመጣችም። መንገዱ ተዘግቶ መኪና ቆሟል፣ ስልኩም ከትናንት ጀምሮ አይሠራም፣ በሞተር እንዳትመጣ ጉልበቷ አይታዘዝላትም። ሞተረኛው ይህን ነግሮኝ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ይህችን ምሽት ስጠብቅ አርባ ዓመት ሆነኝ፤ ከእህቴ ጎን ተቀምጬ፣ እጇን በገዛ እጄ እንሶስላ አስሬላት፣ አንድ ነገር ልነግራት ነበር። ብስጭቴን የማራግፍበት ባጣ አበባ የሚሰቅሉትን ልጆች ተቆጣሁ፤ ምን እንዳጠፉ እነሱም አያውቁ፣ እኔም አላውቅ።

እህቴ ስሟ ይታይሽ ነው፤ እኔ ግን ከአፌ መፍታት ጀምሮ እታለም ነው የምላት። ቤታችን ከይጁቤ ገበያ ሽቅብ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ነበር፤ እሷ ወደ ደምበጫ ስትዳር እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ከእሷ ተለይቼ አድሬ አላውቅም፤ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ከእናቴ ዱላ የምታስጥለኝ እሷ፣ ከዚያም ዞር ብላ የምትቆነጥጠኝም እሷ ነበረች። ለሰርጓ ሳምንት ሲቀረው፣ ዋዜማው ዕለት እንሶስላ ከአንድ ገበታ እንደምንታሰርና ጎኗ እንደምተኛ ቃል ገባችልኝ። እኔም ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እየያዝሁ ይህንኑ ሳወራ ሰነበትሁ።

የዚያን ጊዜ ዋዜማ ሥራውም ወጉም ለሁሉም የታወቀ ነበር። ወንዶቹ ደጅ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየጎተቱ ዳስ ይጥላሉ፣ ስለ ምሰሶው ይጨቃጨቃሉ፤ እናቴ ከጠላው ጋን ወደ ወጡ ድስት፣ ከድስቱ ወደ ጋኑ ትሮጣለች፤ ልጃገረዶቹ ደግሞ ውስጥ ቤት መደቡ ላይ ሙሽሪትን ከብበው ይቀመጣሉ። ሥሩ ተልጦ፣ ተወቅጦ፣ ሞቅ ተደርጎ መዳፍና ጥፍር ላይ ይለጠፋል፤ በላዩ የጉሎ ቅጠል ይጠቀለላል፣ በጨርቅ ይታሰራል፤ እስኪነጋ አይፈታም። ሙሽሪት ብቻዋን እንዳትሆን ጓደኞቿም አብረው ይታሰራሉ። የታሰረ ሰው እንግዲህ እንደ ጨቅላ ነው፤ ያጎርሱታል፣ ያጠጡታል፣ አፍንጫውን ሲበላው ያክኩለታል። ስለዚህ ከሴቶቹ አንዷ ሳትታሰር ትቀራለች፤ እኛ ዘንድ ያችን ሰው «እጅ» ይሏታል። የዚያን ቀን የእንሶስላው አዛዥ አክስቴ ስንዱ ነበረች፤ ዓይኗን መደቡ ላይ አዞረችና እጅ እኔ እንድሆን ፈረደች። ትንሽ ነኝ፣ ፈጣን ነኝ፣ ሰርጉም የእኔ አይደለም።

ያለቀስሁትን ለቅሶ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። መሬት ላይ ተንከባለልሁ፣ ትንፋሼን ያዝሁ፣ ዳስ የሚጥሉት ሰዎች ማን ሞተ ብለው እስኪጠይቁ ድረስ ጮህሁ። እታለም ሳቀችና የገባሁላት ቃል ነው፣ እሰሯት አለች። አክስቴም ለቅሶዬ ሲሰለቻት እጆቼን ስባ ለጠፈችብኝ፣ እስከ አንጓዬ ድረስ ጠፍራ አሰረችኝ፤ እጅ የምትሆን ሌላ ልጅ ከጎረቤት አመጣለሁ ብላ ወጣች፤ ደጅ ግን የምሰሶውን ጭቅጭቅ አገኘችና እዚያው ቀለጠች። ቤቱ ውስጥ ዘጠኝ ሴት ቀረን፣ እጅ ያለው ግን አንድም የለም። አንዲት ዶሮ ዘው ብላ ገብታ ከሌማቱ ላይ ዳቦውን እየጠቀጠቀች ስትበላ ዘጠኛችንም በአፋችን ብቻ እሽ እንላለን፤ እሷም አይታን፣ ንቃን፣ እንደ ባለ ሰርግ ተደላድላ በላች። ሳቁ ለጉድ ነበር።

ሳቁ በረድ ሲል ከልጃገረዶቹ አንዷ የመለያያውን ዜማ አነሳች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። እጃቸው ስለታሰረ ጭብጨባ የለም፣ ከበሮ የለም፤ ድምፃቸው ብቻ ነው ቤቱን የሞላው። እታለም ሳምንቱን ሙሉ አንድም ጊዜ ሳታለቅስ፣ እናቴን እንኳ ስታጽናና የሰነበተች ልጅ፣ ያኔ እንባዋ መጣ። ዝም ብሎ ወረደ፤ ከጉንጯ ወደ አገጯ፣ ከአገጯ ወደ አዲሱ ቀሚሷ። ሁለቱን የታሰሩ እጆቿን አነሳችና መልሳ ጭኗ ላይ አኖረቻቸው። ሌሎቹ እንዳያዩዋት ወደ እኔ ዘንበል ብላ በጆሮዬ፣

«አንች፣ አንዱን እጅሽን በጥርስሽ ፍችና ፊቴን ጥረጊልኝ» አለችኝ።

እጆቼን አየኋቸው። ስንት አልቅሼ ያገኘኋቸው እጆች ናቸው፤ ከታሰሩ ገና ግማሽ ሰዓትም አልሆናቸው። አሁን ከፈታሁት አይቀላም፤ ነገ ሰው ሁሉ ቀይ እጁን ሲያሳይ የእኔ ነጭ ሊሆን ነው።

«ገና ነው እታለም፣ አልያዘልኝም» አልኋት።

አልተቆጣችኝም። ፊቷን ትከሻዬ ላይ አሸት አሸት አደረገችው፤ እንባዋ ቀሚሴን አልፎ ገላዬን ሲነካኝ ይታወቀኛል። ከዚያ ቀና ብላ ከልጃገረዶቹ ጋር ዜማውን ተቀበለች። እኔም ጎኗ ተኛሁ፤ የተመኘሁትን ሁሉ አገኘሁ፤ እጆቼን እንዳይነኩብኝ ብዬ ግን ሌሊቱን በሙሉ ጀርባዬን ሰጥቻት አደርሁ።

ጠዋት ሲፈታ ከሁሉም አብልጦ የቀላው የእኔ ነበር። አክስቴ ስንዱ እንኳ አደነቀች። እታለም እጄን ስማ በቅሎ ላይ ወጣች፤ ያን ቀይ እጄን እያውለበለብሁ ሸኘኋት። ከዚያ በኋላ የመዳፌ ቀለም ቶሎ ለቀቀ፤ የጥፍሬ ግን ቆየ፣ ጥፍሬ ባደገ ቁጥር ወደ ጫፍ እየተገፋ ሄደ። የመጨረሻው ቀይ በምላጭ ሲቆረጥ ከደጃፍ ተቀምጬ ምርር ብዬ አለቀስሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህንን ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተገናኘን። ክርስትና፣ ተዝካር፣ ገበያ፤ ሁልጊዜ ሰው አለ፣ ሁልጊዜ ሥራ አለ፣ ሁልጊዜ የሚያለቅስ ልጅ አለ። እሷ አንስታው አታውቅም፤ ረስታው እንደሁም አላውቅም። እኔ በስፌት መኪና ልጆቼን ሳሳድግ በእነዚህ እጆች ያልሠራሁት የለም፤ ያን ምሽት ግን ለአንዲት ደቂቃ መፍታት አቃተኝ። ለማህሌት ዋዜማ ስትመጣ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ይኸው ሥሩ መጣ፣ ሰው ቀረ።

ሥሩን አጥቤ ወደ ማህሌት ክፍል ወሰድሁላት። ልጅቷ እንደ ታቦት ተከብባለች፤ አንዷ ፀጉሯን፣ አንዷ ፊቷን ይዛለች፣ ለዋዜማው ፎቶ ነው አሉ። ጥፍሯ የጣት ግማሽ የሚያህል፣ የተለጠፈ፣ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ እንሶስላ ከነካው ያልቅለታል። ይህን ሳትነግረኝ ራሴ አይቼ ገባኝ፤ ያም ሆኖ አናደደኝ። አክስትሽ አትመጣም፣ መንገዱ አላስመጣትም አልኋት። ማህሌት በየክረምቱ ደምበጫ ስትቦርቅ ያደገች ልጅ ናት። ዓይኗ ሞላ። እጄን ሰደድሁ፤ ወደ ኋላ ሸሸች።

«እማዬ፣ እንዳትነኪኝ፣ ሽፋሽፍቱ ይነቀላል» አለችኝ።

ባለ ሜካፗ በጥጥ ጫፍ ያዝ ያዝ አደረገችላት። እኔ እጄን በአየር ላይ እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ያን ቀን እጅ ሲፈለግ አልፈታሁም፤ ዛሬ እጄ ተፈትቶ የሚፈልገው ጠፋ። በማን ልናደድ? በመንገዱ? በሽፋሽፍቱ? በዚያች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ተናድጄም አልጠገብሁ።

ጓዳ ገብቼ ሥሩን ወቀጥሁት። የጉሎ ቅጠል ከየት ይመጣል፤ ፌስታል ቀደድሁ። ግራ መዳፌ ላይ ለጥፌ፣ ጠቅልዬ፣ ክሩን በጥርሴ ስቤ አሰርሁት። ማህሌት ለፎቶው ልትጠራኝ ብቅ ብላ አየችኝና፣ ነገ ጓንት ታደርጊ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ፤ አላደርግም አልኋት። ቀኙንስ ማን ያስርልሻል አለችኝ፣ አሁን አንዷን ልጅ ልጥራልሽ።

እንዳትጠራ ነገርኋት። ቀኙ ሳይታሰር ያድራል።