ያለ ቡና ከአጋሮ የወጣ የባሕር ደብተር

ሐሙስ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አዲስ አበባ

ሰዓት እላፊው ካበቃ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም፤ አውቶቡስ ተራ ግን ሞልቷል። በኪሴ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው ከቀበሌዬ ያወጣሁት የይለፍ ደብዳቤ ነው፤ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ጅማ እንደምሄድ ይመሰክራል። ጅማ ዘመድ የለኝም። ሁለተኛው እውነተኛው ምክንያት ነው።

ከሁለት ወር በፊት በጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። ሕዝባችን ባሕርን ከዳር ቆሞ ከማየት በቀር ውስጡን ሊያውቅ አልሞከረም፤ የቀይ ባሕርን ኮራል የመረመሩት ፈረንጆች ብቻ ናቸው የሚል ነው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት አለው፤ ከባሕሩ ሥር እየበቀለ ለዓሣው ቤት ይሆናል። ጽሑፉን የጻፍኩት ሰው ለማናደድ ነበር። የተናደደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከባሕር ዳርቻ ሳይሆን ከአጋሮ ጻፈልኝ።

«ጌታዬ፣ ተሳስተዋል። እኔ የአጋሮ ሰው ነኝ። ምጽዋ ላይ ዓመታት ጠልቄ ኮራሉን አንድ በአንድ ሥያለሁ። ደብተሩ አለኝ። ቶሎ ቢመጡ ደብተሩን ያያሉ፤ ቢዘገዩ አመዱን።»

ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፣ ጊቤ

ወልቂጤ ላይ ቆጮ በጎመን በላን። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፤ የሚገባው ግን ትኩስ አቧራ ነው። ከድልድዩ ወዲህ ኬላ አለ። ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ወረቀቴን አይተው መለሱልኝ። ከጅማ በሚመጣው አውቶቡስ ላይ ግን ሌላ ሥራ አለ፤ ያለ ፈቃድ ቡና ይዞ ማለፍ ክልክል ነውና ፈታሹ በሹል ብረት ጆንያውን ሁሉ ይወጋል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር የተወሰደ ቡና ተከምሯል።

«ስትሄድ ወረቀትህን ያያሉ፤ ስትመለስ ቡናህን» አለኝ ሾፌራችን፣ ብርቱካን እየላጠ።

«ቡና ባልይዝስ?»

«ከጅማ? እስካሁን እንዲህ ያለ ተሳፋሪ ጭኜ አላውቅም።»

ማታውን ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሠፈር ውስጥ አንድ ሆቴል ገባሁ። የእንግዳ መመዝገቢያው ቅጽ የመጣሁበትን ምክንያት ይጠይቃል። የሌለኝን ዘመድ በሽታ አጠናክሬ ጻፍኩ።

ዓርብ፣ አጋሮ

ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዎች ጋር በአንድ ላንድሮቨር ታጭቀን አጋሮ ደረስን። በየግቢው ቀይ ቡና ተሰጥቷል፤ የበሰለው ፍሬ ሽታ ጠላ ሊሆን እንደ ደረሰ ጥንስስ ነው።

ደብዳቤውን የጻፉልኝ አባ ፊጣ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ በራፋቸው ላይ አገኘኋቸው። ስድሳን ያለፉ፣ ደረተ ሰፊ፣ አንድ ጆሯቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ጆሯቸውን ውሃው ነው የወሰደው።

«ጋዜጠኛው አንተ ነህ?»

«ጸሐፊ ነኝ።»

«እንግዲያማ ባሰ። ግባ።»

ደብተሩ በጀንፈል ጆንያ ውስጥ ነበር፤ ጀንፈል ገና ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና ነው። ፍሬውን አራገፉና ጭናቸው ላይ ዘረጉት። እንደ ሚዳቋ ቀንድ የተመዘዘ ኮራል፣ እንደ ጎመን የተጠቀለለ ኮራል፣ ከሥሩ ጥልቀቱ በክንድ። ከዚያ ካርታዎቹ ይቀጥላሉ፤ ደሴቶች፣ መተላለፊያዎች፣ መልሕቅ የሚያዝባቸው ቦታዎች። በሰሜን ጦርነት አለ። በዚህ ጊዜ የዚያ ባሕር ካርታ ቤቱ የተገኘበት ሰው፣ ዓሣ ስለምወድ ነው ቢል ማን ይሰማዋል?

«ሰኞ ቤት ለቤት አሰሳ አለ» አሉ። «ልጆቼ አቃጥለው ይሉኛል። እኔ እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

ከዚያ ጽሑፌን ያርሙ ጀመር። «መጀመሪያ ያወቁት ዕንቁ ጠላቂዎቹ ናቸው። እግራቸው ላይ ድንጋይ አስረው፣ አፍንጫቸውን ቆንጥጠው ይወርዱ ነበር። እያንዳንዱ አለት በእነሱ ዘንድ ስም አለው። ኋላ ፈረንጆቹ በመጥለቂያ መነጽርና በጎማ ልብስ መጡ። ቦታውን ማን አሳያቸው? እነዚያው ጠላቂዎች። ፈረንጆቹ ኮራሉን ሰብረው በርሜል ሞልተው ሄዱ፣ በስማቸውም ጠሩት። አንተም አነበብክላቸው።»

ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ።

«ከዚያ የዓሣ አጥማጆቹ ፈንጂ መጣ» አሉ። «ባሕር ላይ አንድ ድማሚት ትወረውራለህ፤ ዓሣው ሞቶ ይንሳፈፋል፤ ከሥር ኮራሉ እንደ ሸክላ ሰሃን ተሰባብሯል። ጠባቂ ይቀጠር ብዬ ለዓሣ ሀብት ቢሮው ጻፍኩ። በጀት የለም ተባልኩ። እኔም ከአባቴ የተማርኩትን አደረግሁ።»

አባታቸው በበቅሎ ቡና ሲያመላልሱ አንዱን ስልቻ ሁልጊዜ ከፊት፣ ኬላ ጠባቂው በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ ይጭኑ ነበር። ፈታሽ ካገኘ ይረካል፤ ካላገኘ ግን ልብስህን ያስወልቅሃል። አባ ፊጣ ይህን የአጋሮ ዘዴ ምጽዋ ወሰዱት። የሞተውን ኮራል መርጠው፣ በላዩ ቀይ ቀለም የተቀባ በርሜል አንሳፈፉና «ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው» ብለው ጻፉበት።

«ክልክል ካልክ ደግሞ ሰው ሁሉ ይሄዳል» አሉ እየሳቁ። «ፈንጂውን እየመጡ የሞተው ላይ ጣሉት። ሕያው ኮራል ሰላሙን አገኘ። ሜ፣ እስቲ አሁን ንገረኝ፣ ፈረንጅ ነው ያስተማረኝ?»

ቅዳሜ፣ ንጋት፣ አጋሮ

አዲስ አበባ ልደብቀው የተረከብኩትን ደብተር በሸሚዝ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከታች አኖርኩት። አባ ፊጣ ሦስት ኪሎ ቡና በከረጢት ይዘው እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ።

«ይህን ከላይ አድርገው።»

እምቢ አልኩ። ምክንያቴ የተማረ ሰው ምክንያት ነበር፤ አንድ ወንጀል የተሸከመ ሰው ሁለተኛ አይጨምርም፤ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ምን ይፈልጉበታል?

«ትናንት ያወራሁት ለማን ነበር?» አሉና ከረጢቱን ይዘው ዞሩ።

ቅዳሜ፣ ሰባት ሰዓት፣ ጊቤ ኬላ

በሹል ብረት የሚወጋው ያው ፈታሽ ነው። ከፊቴ ካለው ሰውዬ ሁለት ኪሎ አገኘ፤ ወሰደ፤ አሳለፈው። ከእኔ ዘንድ ደረሰ።

«ቡናህስ?»

«የለኝም።»

«ከየት ነው የተነሣኸው?»

«ከአጋሮ።»

ብረቱን መሬት ላይ ተከለው። «አለቃ፣ ይሄ ሰውዬ ከአጋሮ ያለ ቡና መጣ» አለ፣ ሁለት ራስ ያለው ጥጃ የተወለደ ይመስል። አለቃው ሽጉጡን እያስተካከለ ከጥላው ተነሣ።

ሸሚዞቼን አወጡ። የጫማዬን ገበር ዳሰሱ። ሳሙናዬን ለሁለት ቆረጡት። ደብተሩ ወጣ።

«ምንድነው?»

«የቡና ቅርንጫፍ ነው። የቡና በሽታ አጠናለሁ።»

ፈታሹ ሥዕሉን አዘቅዝቆም አቅንቶም አየው። «እኔ የሊሙ ልጅ ነኝ፣ ጓድ። እንዲህ ያለ ቡና በበሽታም በጤናም የለም።»

አውራ ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ገለጠ። ጎመን የሚመስለው ኮራል። አሁንም ገለጠ። የቀረው አንድ ገጽ ነው፤ ከዚያ ካርታዎቹ ናቸው።

«ኧረ ጓዶች፣ ፀሐዩ ፈጀኝ፤ እኔንም ፈትሹኝና ልረፍ» አለች ከኋላዬ አንዲት ሴት። ከአጋሮ ጀምራ ከጀርባዬ የተቀመጠች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ነጋዴ ናት። መልስ ሳትጠብቅ ከረጢቷን ገለበጠችው። ቡናው እየተንሿሿ አስፋልቱ ላይ ተበተነ፤ ከሦስት ኪሎ በጣም ይበልጣል።

አለቃው ዞረ። ሌሎቹም ሮጡ። ከእኔ ፈታሽ እጅ ደብተሩ ደረቴ ላይ ተወረወረ። «ግባ፣ ምን ትገተራለህ» አለኝና ጆንያ ፍለጋ ሄደ።

ከመስኮቱ ሆኜ ስድቡን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ስትቀበል አየኋት። ስሟን መዘገቡ፤ ቡናውን ወሰዱ፤ ለቀቋት።

ዳገቱን ስንጀምር ዞርኩ። «አደ፣ እናቴ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት? ስምዎን ማን ልበል?»

«ዘሃራ። እኔን ተወኝ፣ የላከኝ አባ ፊጣ ነው። አንተ እምቢ ያልከውን ቡና ለእኔ ሰጠኝ፤ የራሱንም ጨመረበት። ‹ሰውዬው ብዙ አንብቧል፣ ኬላ ግን አያውቅም። ከኋላው ተቀመጪ፤ መጀመሪያ በራሱ ይሞክር፤ ሲያቅተው አፍስሽው› አለኝ።»

ወልቂጤ ላይ ብርቱካን ገዝቼ ሰጠኋት።

«ደብተሩ ውስጥ ግን ምን አለ?» አለችኝ እየላጠች።

«የባሕር ድንጋይ ሥዕል።»

«ያ ሁሉ ቡና ለድንጋይ?»

«ሕይወት አለው።»

«እሱማ፣ ሕይወት ካለው ይኑር» አለችና ተኛች።

አዲስ አበባ

ቤቴ እንደገባሁ ደብተሩን ከመጻሕፍቴ ጀርባ ከተትኩት፤ ከፊቱ አንድ ቀለመ ደማቅ የውጭ አገር መጽሔት አቆምኩ። የአሰሳው ተራ የእኛ ሠፈር ሲደርስ የቀበሌው ሰዎች መጽሔቱን አገኙ፣ ገሠጹኝ፣ ወሰዱት፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ጋዜጣው ላይ እርማት መጻፍ ነበረብኝ፤ ያኔ ግን ያረመኝን ሰው አሳልፌ መስጠት ይሆን ነበር። ስለዚህ እርማቴ ዓመታት ዘግይቶ ይኸው፦ ተሳስቼ ነበር።

ከአጋሮ የመጣችው ሁለተኛዋ ደብዳቤ አጭር ነበረች። «ሰኞ ቤቴ ተፈተሸ። አምስት ኪሎ ጀንፈል ተገኘብኝ፤ እሱን ይዘው ሄዱ። አልሐምዱሊላህ።»