ሰማንያ ኢንች በር

ሰባተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት አባቴ ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የበር መቃን ሠራ። አናጢ ነበር፤ በእስቴ የእሱ እጅ ያላረፈበት ቤት ጥቂት ነው። ከሸሚዙ የማይለቀው የጥድ ፍቅፋቂ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። መለኪያ ሜትሩን ሙያውን ካስተማሩት ሽማግሌ ነው የወረሰው፤ ኢንች ብቻ ተጽፎበታል። ሴንቲሜትር የሚሉትን ነገር አያውቀውም፤ ማወቅም አይፈልግም።

በሩ ግን ብረት ነው፤ የሚበየደውም ደብረ ታቦር። በያጆቹ በሴንቲሜትር ካልሆነ አንሠራም አሉ። አባቴ የመቃኑ ቁመት ሰማንያ ኢንች መሆኑን ነገረኝና በሴንቲሜትር አውጭልኝ አለኝ። ደስታዬን አልችለው አልሁ። መምህራችን አንድ ኢንች ሁለት ነጥብ አምስት አራት ሴንቲሜትር ነው ብለውን ነበር። እኔ ግን መጨረሻ ላይ ያለችው አራት ምን ታመጣለች ብዬ ተውኋትና በሁለት ተኩል አባዝቼ ድፍን ሁለት መቶ አልሁት። አባቴ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ለበያጆቹ በአውቶቡስ ላከው።

አጎቴ በዚያ ሰሞን ወደ ቤታችን እግር አብዝቶ ነበር። ባል አግኝቶልኛል። ሴት ልጅ ከዚህ በላይ ተምራ የት ልትደርስ ነው ይላል። አባቴ ደግሞ ልጅቱ ሒሳብ ታውቃለች እያለ ይመልሰዋል፤ ሌላ መከራከሪያ አልነበረውም።

የቤተ ክርስቲያኑ ንግሥ ሦስት ቀን ሲቀረው በሩ መጣ። አንሥተው ሲያቆሙት ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ቀረ። ቄሰ ገበዙ በዚህ አይጥ ገብቶ መጻሕፍቱን ይጨርሳል ብለው ተጨነቁ። አጎቴ ልኩን ያወጣው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ትምህርቴ እዚህ ላይ አበቃ አልሁ በልቤ።

«የሳትሁት እኔ ነኝ አባታችን» አለ አባቴ። «ዓይኔም ደክሟል፤ አሳጥሬ ላክሁላቸው።»

የወይራ ጣውላ ጠርቦ ክፍተቱን ደፈነው። ወደ ቤት ስንመለስ ያችን አራት መተዌን እያለቀስሁ ነገርሁት። ሁለተኛ እንዳትተያት አለኝና መንገዱን ቀጠለ። አገሬው ግን አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ ይቆርጣል የተባለ አናጢ በስተርጅና ሳተ እያለ ሲቀልድበት ኖረ። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

ዛሬ ይህን ሒሳብ ስልክ በቅጽበት ያወጣዋል፤ አራቷንም አይተዋትም። እኔም ወገዳ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። በቀደም ለአባቴ ተዝካር አገር ቤት ስሄድ አንድ አዛውንት፣ ያ በር ባይስትበት እንዴት ያለ አናጢ ነበር ሲሉ ሰማሁ።

«አባቴ አልሳተም» አልኋቸው፣ አጎቴም እዚያው ተቀምጦ። «የሳትሁት እኔ ነኝ።»