ከአጥሩ ማዕዘን የተውኳት ክምር

አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ሱሉልታ አጎቴ ዘንድ በከረምኩበት ዓመት፣ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ስላልሆነልኝ አረም ነቃይ ሆንኩ። የፈረሶቹ ካሎ፣ ያ በአጥር የተከለለ የግጦሽ ሣር፣ የአጎቴ ነው። አጎቴ ግን በሳምንት ስድስት ቀን አዲስ አበባ ቢሮው ስለሚውል ሣሩን በወረቀት እንጂ በመልኩ አያውቀውም። የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ኦቦ እንላቸዋለን። አጥሩን ይጠብቃሉ፣ አረሙን ይነቅላሉ፤ በምላሹ አንዲት ባዝራቸው ከአጎቴ ሁለት ፈረሶች ጋር ትግጣለች። ሌላ ከብት የላቸውም። ያን ክረምት ባዝራዋ እርጉዝ ነበረች።

ኦቦ አረም ሲነቅሉ ማየት ደስ ይላል። ዝናብ ሲያባራ፣ አፈሩ ገና ለስላሳ ሳለ ይገባሉ። ቱልትን ሥሩ እንዳይበጠስ በሹል እንጨት ዙሪያውን ፈልፍለው ያወጡታል፤ ኮሸሽላን ሳያብብ ይቀድሙታል። አስተናግር ላይ ሲደርሱ ግን ይጠነቀቃሉ፤ መርዝ ነው። ነጭ አበባው ያምራል፣ ፍሬው እሾሃም ነው፤ የሚወደው ደግሞ ፈረሶች የቆሙበትን የበሰበሰ ፍግ ነው። እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ፍሬው ሳይፈነዳ፣ ከአንገቱ ይዘው ይመዙታል። የተነቀለው መሬት አይነካም። ከኋላቸው በሚጎትቱት አሮጌ የበሬ ቆዳ ላይ ይጥሉታል፤ ሲሞላ ከአጥር ውጭ አውጥተው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል። አያቃጥሉትም፤ ጭሱም ራስ ያዞራል ይላሉ።

እኔ ቆዳውን መጎተት ሰለቸኝ።

«ኦቦ፣ ፈረስ እኮ ይሄን አይበላም። ሲሸተው አፍንጫውን ያዞራል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አይተሻል፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ትምህርት ቤት ፊደል አስተማሩሽ። ወገብ ማጎንበስ ረሱ እንጂ። በይ፣ ቆዳውን ያዢ።»

አንድ ዓርብ ቡራዩ ለቀብር ሲሄዱ ድሮ የፈረሶቹ በረት የነበረበትን የአጥሩን ማዕዘን ለእኔ ተዉልኝ። «ነቅለሽ ስታበቂ ሁሉንም አውጪ» ብለውኝ ሄዱ። እስከ ቀትር ነቅዬ ጨረስኩ፤ ፍጥነቴ ራሴንም አስደነቀኝ። የመጨረሻዋን ክምር ሳነሣ ዝናቡ ወረደ፣ ቆዳው በጭቃ ከበደ። ክምሯን ማዕዘኑ ላይ ትቼ ሮጥኩ። ነገ አወጣታለሁ አልኩ። በነጋታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሆነ፤ ረሳኋት።

እሑድ ጠዋት ኦቦ ተመለሱና ቤታቸው ሳይገቡ ወደ ካሎው መጡ። ባዝራዋ ማዕዘኑ ጋ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ዓይኗን አዩ፤ ጥቁሩ ሰፍቶ ቡናማውን ውጦታል። ከንፈሯን ገለጡ፤ ደርቋል። ከዚያ ጆሯቸውን ጎኗ ላይ ለጥፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ።

«ሆዷ ዝም ብሏል» አሉ።

«እኔ ነኝ የተውኩት» አልኳቸው። «አትበላውም ብዬ ነው።»

«እርጥቡንማ አትበላም።» ከክምሯ አንድ የጠወለገ ግንድ አንሥተው ወደ እኔ ዘረጉ። «አሽትቺው።»

አሸተትኩት። ያ የሚገማው ሽታ የለም። ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል። ግማሹ ቅጠል ደግሞ ተበልቷል።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ክምሯን ራሳቸው አወጡ፤ ሁለቱን ፈረሶች ዓይናቸውን እያዩ ወደ ሌላ ሜዳ አሳለፉ። ባዝራዋን ጥላ ሥር አስረው ከአፏ ሣር አራቁ፤ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ሰጧት፤ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ አበሱላት። በየመሐሉ ጎኗን ያዳምጣሉ። እኔንም አስደመጡኝ። የሰማሁት የራሴን ልብ ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ አጎቴ ወጥቶ፣ «ይህን ማን አደረገ?» አለ።

ኦቦ ቀደሙኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጌታው። አውጪ አልኳት እንጂ ለምን እንደሚወጣ አልነገርኳትም።»

«ነግረውኛል» አልኩ። «አውጪ ማለት አውጪ ነው። ለምኑን አልጠየቅኩም፤ ትቼ የሄድኩት ስለከበደኝ ነው።»

አጎቴ ሁለታችንንም አይቶ ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ኦቦ ከጎኗ ቀና ሳይሉ በእጃቸው ጠሩኝ። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከሩቅ፣ ድንጋይ ላይ እንደሚሄድ ጋሪ ያለ ድምፅ ተንጎራጎረ። ቆመ፤ ደግሞ መጣ። ጥቂት ቆይታ ፋንድያዋን ጣለች። ኦቦ ቆባቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጡም ነበር።

ባዝራዋ በጥር በደህና ወለደች። በተከታዩ ክረምት ስመለስ ኦቦ ማዕዘኑን ዳግመኛ ለእኔ ሰጡኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን አይሰጠኝም ነበር። ነቅዬ፣ ጎትቼ፣ ቀብሬ፣ እጄን ታጥቤ ወደ ቤት ስሄድ ዘወር ብዬ አየሁ። በትራቸውን ይዘው ማዕዘኑን ቀስ ብለው ይዞሩታል፤ አንዳንዴ ጎንበስ ይላሉ። አልከፋኝም። እኔም ብሆን አየው ነበር።